የሚስተር ኒል ሦስት መሳቢያዎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ አሠርተው ጠበቁኝ። ኬኩ ላይ ስሜን ሲያስጽፉ ግን አንድ ፊደል ዘለሉና ወይንሸት መሆኔ ቀርቶ «ወይሸት» ሆንኩ። በአማርኛ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አልሞከርኩም፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እነሱም ሳቄን አይተው ሳቁ። ቀጥለው «ስፒች! ስፒች!» አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ «እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ» ስትል የኖረች ሴት ምን ንግግር ታውቃለች? «አመሰግናለሁ» ብዬ ቢላዋውን አነሳሁ።

ቤቴ ስገባ ቆጨኝ። ማንን፣ ስለ ምን እንደማመሰግን አልተናገርኩማ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለገቢው ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ወጪውን እያስፈረምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የጠፋ ፋይል ሲፈለግ «ወይንሸትን ጥሯት» ይባል ነበር፤ በዚህም ትንሽ ትንሽ እኮራ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን ሳምራዊትን ይዤ አሜሪካ መጣሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተከራየሁና ዲሲ መሐል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ገባሁ። ስለዚያ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም። ሰው ፊቴን ሳያይ ቲኬቱን በመስኮት ይወረውርልኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ «የሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ መጽሐፍ የሚደረድር ሰው ይፈልጋል፤ ፓርት ታይም ነው፣ አፕላይ አድርጊ» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ለላይብረሪ ይበቃል ብዬ አላሰብኩም። ቢሆንም ሄድኩ።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ሚስ ጃኒስ ትባላለች። ፈጣን፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት ነበረች። ለፈተና ግማሽ ጋሪ መጽሐፍ ሰጠችኝና «በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስቀምጪያቸው» ብላኝ ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት ፋይል የደረደርኩ ሴት በዚህ ልፈተን? ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ቶሎ ጨርሼ ቀና ስል አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«አንድ ብቻ ተሳስተሻል» አሉኝ።

491.63 የሚለውን ከ491.7 በኋላ አስቀምጬዋለሁ። ስልሳ ሦስት ከሰባት አይበልጥም እንዴ?

«ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ቁጥር አታንብቢው» አሉ። «እንደ ስም አንብቢው፣ ፊደል በፊደል። መጀመሪያ ስድስትን ከሰባት ጋር አስተያዪ። ስድስት ይቀድማል፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።» ከዚያ መጽሐፉን አንስተው ፈገግ አሉ። «ደግሞ የተሳሳትሽው በእኔ ቋንቋ ላይ ነው። ጌሊክ ይባላል። ያንቺስ ምንድን ነው?»

«አማርኛ።»

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «492.87» አሉ፣ በቃላቸው። «አንድ መደርደሪያ ላይ ነን። ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው።»

ሚስተር ኒልን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

የተወለዱት በካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ ባለ ደሴት ላይ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ በመርከብ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ነበር፤ ሚስተር ኒል ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ከጌሊክ በቀር ሌላ ቋንቋ አልሰሙም። በወጣትነታቸው ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መጥተው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። በሥራ ሰዓት ጠያቂ ያስተናግዳሉ፤ በራሳቸው ጊዜ የመንደራቸውን ቃላት ይለቅማሉ። አላገቡም። ዩኒቨርሲቲ ገብተው አላስተማሩም። ግን የውጭ አገር ፕሮፌሰሮች እየጻፉ ይጠይቋቸው ነበር። ደብዳቤው በላይብረሪው አድራሻ ሲመጣ ሚስ ጃኒስ «ኒል፣ አድናቂዎችዎ ጽፈዋል» እያለች ታቀብላቸዋለች።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መንደራቸው ለቀሩት አዛውንቶች ስልክ ይደውላሉ። ከሁሉ የሚበልጡት ኬቲ የሚባሉ የእናታቸው የአጎት ልጅ ነበሩ፤ ዘጠናን ያለፉ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ግን የባሕሩንም፣ የከብቱንም፣ የመኸሩንም ቃል ሁሉ የሚያውቁ። ኬቲ የተናገሩትን ሚስተር ኒል በካርድ ላይ ይጽፉታል። ካርዱ የድሮው ካታሎግ ካርድ ነው። ካታሎጉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ካርድ ሥራ ፈታ፤ እሳቸው «ይህ ጥሩ ወረቀት ነው» ብለው እንዳይጣል ተሟገቱ። ስለዚህ በፊቱ የአንድ የድሮ መጽሐፍ ስም በታይፕ ተመትቷል፤ በጀርባው ደግሞ በእርሳስ አንድ የጌሊክ ቃል፣ ትርጉሙ፣ የተናገረው ሰው ስምና የተሰማበት ቀን አለ።

«ማን እንደተናገረው ያልተጻፈበት ቃል ወሬ ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ገበሬ እህሉን ካነሳ በኋላ ማሳው ላይ የቀረውን ድሃ ሲለቅም እናንተ ምን ትሉታላችሁ ብለው ጠየቁኝ። «ቃርሚያ» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ቃ» አልሆንላቸው ብሎ ሲያስላቸው እኔ በሳቅ ሞትኩ። «የእኔ ሥራ እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አጨዳው ካለፈ ቆየ።»

ስለ ሥራው ያስተማሩኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም፤ ግን ጥቂቱን ልበል። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲወጣ ጫፉን በጣት ስበው አያወጡትም፤ እንደዚያ ሲደረግ ጀርባው ከላይ በኩል ይቀደዳል። ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጊና ወገቡን ትይዢዋለሽ። ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ ኖሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለት እርሳስ። ጠዋት በር ሳይከፈት አንድ መደርደሪያ ያነብባሉ፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጥሮቹን እያዩ ቦታውን የሳተውን ይመልሳሉ። የታችኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ጎልማሶቹ ጎንበስ ብለን ስናልፍ፣ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ያዩት ነበር። «የታችኛውን ረድፍ ማንም ስለማያየው ነው ጥፋት ሁሉ እዚያ የሚከማቸው» ይላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው። ሰው መጥቶ አንድ ነገር ሲጠይቅ ሚስተር ኒል መልሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ከዚያ በጣታቸው አያመለክቱም፣ አብረውት ይሄዳሉ።

ይህ በደንብ የገባኝ በጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ግሪንቤልት ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ እንግሊዝኛ ብዙም አይሉም። አማርኛ የምታውቅ ሠራተኛ አለች ተብለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የቨርጂኒያ ካርታ ፈልጌ ነበር» አሉኝ።

ካርታውን አውጥቼ ዘርግቼላቸው ወደ ጋሪዬ ተመለስኩ። ሽማግሌው ካርታው ላይ አጎንብሰው ቀሩ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ሚስተር ኒል መጥተው «ምን ፈልገው ነው?» አሉኝ።

«ካርታ።»

«ካርታውን አግኝተዋል፤ ግን አልሄዱም። የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኋቸው። ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ። አብሯቸው ከሀገር የወጣ፣ ሱዳን አብሯቸው የተሰደደ ጓደኛቸው ባለፈው ክረምት ሞቷል። ቀብሩ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው መባሉን እንጂ የት እንደሆነ አያውቁም፤ እሳቸው ያኔ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ የጓደኛቸው ቤተሰብም ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል። «አፈር እንኳ አላለበስኩትም» አሉ።

ሚስተር ኒል የስልክ ማውጫ አመጡ። ሦስት ቦታ ደወሉ፤ በአራተኛው የመቃብሩን ረድፍና ቁጥር ነገሯቸው። በየትኛው ባቡር ሄደው የት እንደሚቀይሩ፣ ከጣቢያው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚቀጥሉ እኔ በአማርኛ በትልልቁ ጻፍኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሰይድ ሁለት ካርቶን ቴምር ይዘው መጡ። «አላህ ያክብራችሁ፤ አገኘሁት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ አልሸኘሁም።

ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ቋሚ ሆንኩ። ዊተን ቅርንጫፍ ሁለት ዓመት ተመድቤ ሠራሁ፤ እዚያ ስፓኒሽ ተናጋሪው ብዙ ስለነበር በእጄ ምልክት ሳነጋግር እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ ብል ማን ያምነኛል። ከዚያ ሚስ ጃኒስ ራሷ ጠይቃ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መለሰችኝና የዕቃ ክፍሉንና ቤዝመንቱን በኃላፊነት ሰጠችኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የቤዝመንቱ ምንጣፍ ሊቀየር ስለሆነ ሚስ ጃኒስ «የማይጠቅመውን ሁሉ አውጪ» አለችኝ። ሚስተር ኒል የዳሌ ኦፕሬሽን አድርገው ፈቃድ ላይ ነበሩ። ጥግ ላይ የድሮው ካታሎግ የእንጨት ቁምሣጥን አለ። የላይኞቹን መሳቢያዎች ሚስተር ኒል እንደሚጠቀሙባቸው አውቃለሁ፤ ስማቸው ተለጥፎባቸዋል፤ አልነካኋቸውም። ከታች ስም የሌላቸው ሦስት መሳቢያዎች ነበሩ። ሳብኳቸው። ከፊት ያሉትን አሥር ካርዶች ከእያንዳንዳቸው አወጣሁ፣ ገለበጥኩ፣ ጀርባቸውን አየሁ። ባዶ ነበር። ሦስቱንም ሪሳይክል ገንዳ ውስጥ ገለበጥኳቸው። በማግሥቱ መኪናው መጥቶ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ምንጣፍ ሠራተኞቹ ቁምሣጥኑን ሲያነሱ አንድ ካርድ ከሥሩ ወደቀ። ገለበጥኩት። በእርሳስ አንድ ቃል፤ ከሥሩ የኬቲ ስም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኬቲ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። ሚስተር ኒል ለሐዘኑ ካናዳ ድረስ ሄደው ሲመለሱ ያየሁት ፊታቸው መጣብኝ። ያን ጊዜ ለቆሻሻ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ አስተላለፉኝ፤ በመጨረሻ አንዲት ሴት በትሕትና «እሜቴ፣ ያ ወረቀት እስካሁን ተፈጭቷል» አለችኝ።

ለሚስ ጃኒስ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «አውጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አለች። ይህን ቃሏን አልረሳውም። «ግን አሁን አትንገሪያቸው፤ መጀመሪያ ይዳኑ።»

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ሳምራዊት ያኔ ሃይስኩል ልትጨርስ ነበር። ነገሩን ስነግራት «ማም፣ ዩ ሃቭ ቱ ቴል ሂም» አለችኝ፤ ንገሪያቸው ማለቷ ነው።

«በሽተኛ ናቸው እኮ።»

«ዘይ አር ሂዝ ወርድስ» አለችና ከዚያ እንዲገባኝ በአማርኛ ደገመችው፤ «ቃሎቹ የሳቸው ናቸው፣ እማዬ።»

ቅዳሜ ጠዋት አፓርትመንታቸው ሄድኩ። በዎከር እየተደገፉ በሩን ከፈቱልኝ፤ ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ሳልቀመጥ ካርዱን ሰጠኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስደው አነበቡት። ቃሉን ድምፅ አውጥተው አሉት።

«የታችኞቹ ሦስቱ» አሉ። «ኤስ እና ቲ። ኤስ ሁለት መሳቢያ ነው የያዘው፤ በእኛ ቋንቋ ትልቁ ፊደል እሱ ነው።»

ካርዱን ገለበጡት።

«ጀርባቸውን አላየሽም?»

«ከፊት አሥር አሥር አየሁ። ባዶ ነበሩ።»

«ባዶዎቹን ከፊት ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ ለመጻፍ እንዲቀርቡኝ። የተጻፈባቸው ከኋላ ናቸው።» ካርዱን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖሩት። «አሁን ሂጂ፣ ወይንሸት። ቁጣዬን አንቺ ላይ ማውጣት አልፈልግም፤ እዚህ ከቆየሽ ግን አወጣዋለሁ።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ «እንደምን አደርሽ» ከማለት በቀር አያናግሩኝም። ሥራ ነክ ነገር ካለ በአጭሩ ይናገራሉ፤ ምሳቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። አልፈረድኩባቸውም። ወደ አስፐን ሂል ቅርንጫፍ ለመዛወር ማመልከቻ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እስር ባዶ ካርድና ሁለት የተቀረጸ እርሳስ አስቀምጠው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«የማስታውሰውን እነግርሻለሁ፤ ትጽፊያለሽ» አሉ። «ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ከእኔ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አለ። ከማስታወስ የጻፍነው ከጆሮ ከሰማነው ጋር መቀላቀል የለበትም። ምልክት ያስፈልገዋል። በእናንተ ፊደል ‹ማስታወስ› በምን ይጀምራል?»

«ትዝታ እንላለን። በ‹ት›።»

«ጻፊልኝ።»

ጻፍኩላቸው። አዩት። «መስቀል ይመስላል» አሉ፤ «ይሁን፤ ጥግ ላይ አድርጊው።»

እንዲህ ጀመርን። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሁለት ዓመት ያህል። ዓይናቸውን ይጨፍኑና የኬቲን ቤት በር በሐሳባቸው ከፍተው ይገባሉ። «ወጥ ቤት ነኝ» ይላሉ። «ምድጃው በግራ ነው። ኬቲ አመዱን ትጠርጋለች፤ መጥረጊያው ምን ነበር ስሙ?» አንዳንዴ ቃሉ ይመጣል፤ አንዳንዴ ለደቂቃዎች ጠብቀን ሳይመጣ ይቀራል፣ ያኔ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርገው «ሂጂ፣ ወደ ጋጣው እንለፍ» ይላሉ። ለኬቲ ልጅም ደውለው ነበር፤ እሱ ግን በልጅነቱ ለሥራ ከተማ ገብቶ ቋንቋውን ረስቶታል። አንድ ቀን እንደገና ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «ይቅርታሽን ቤቴ መጥተሽ እውነቱን የነገርሽኝ ቀን ተቀብያለሁ። አሁን የምፈልገው እጅሽን ነው። ጻፊ።»

ያጣነውን ሲሶውን እንኳ መለስን አይባልም። እኔ ግን ከእነዚያ ማክሰኞዎች የሚበልጥ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የመዛወሪያውን ማመልከቻ ቀድጄ ጣልኩት።

ሚስተር ኒል ጡረታ ሲወጡ ጤናቸው እየደከመ ስለነበር አሌክሳንድሪያ እኅታቸው ሚስ ፍሎራ ቤት ገቡ። ደጋግሜ እጠይቃቸው ነበር፤ በመጨረሻ ሰው መለየት ሲያቅታቸውም እጄን ይዘው በጌሊክ ያወሩኝ ነበር፤ የማውቀው ቃል ሲያልፍ «አዎ» እላለሁ። በእንቅልፋቸው አረፉ። ነፍስ ይማር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚስ ፍሎራ ኮል አደረገችልኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚስተር ኒልን ወረቀቶች ሊወስድ ፈቅዷል፤ ግን መልክ ይዘው ዝርዝራቸው ተጽፎ መረከብ ይፈልጋል። «እኔ ከየት እንደምጀምር አላውቅም» አለችኝ። «ኒል አንቺ ታውቂያለሽ ብሎኝ ነበር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ባቡር ተነስቼ መሐል ላይ ቀይሬ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ እወርድ ነበር። ሚስ ፍሎራ የምግብ ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝ። ያን ሥራ ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ነው፤ ለእኔ ግን ደስታዬ ነበር። የዛገውን ክሊፕ ወረቀቱን ሳትቀድጂ በቀጭን ላስቲክ ታነሺዋለሽ። ሰውየው ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል አታፈርሺም፤ ለአንቺ ባይገባሽም እሱ የገባው ነገር አለ። ማስታወሻ ደብተር፣ የፕሮፌሰሮቹ ደብዳቤ፣ የካርድ ሣጥኖች፣ የግሮሰሪ ዝርዝር ሳይቀር፤ የሽንኩርትና የዳቦው ዝርዝር ጀርባ ላይ ቃል ተጽፎበት አግኝቻለሁና። የእያንዳንዱን ወረቀት ጀርባ አየሁ። የእያንዳንዱን። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

ርክክቡ ላይ የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ፣ ለስላሳ ወጣት ሴት፣ ካርዶቹን እያገላበጠች «ይህ ጥግ ላይ ያለው ምልክት ምንድን ነው? ለዝርዝሩ መግቢያ መጻፍ አለብኝ» አለችኝ።

ሚስ ፍሎራ ቀደም አለችና «ምንነቱ ያልታወቀ ምልክት በይው» አለቻት። ለእኔ አዝናልኝ ነው። ያ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች።

ደግ ሴት ናት፤ ግን አልተቀበልኳትም። ማን እንደጻፈው፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ካርድ ለተመራማሪ ምን ይጠቅመዋል? «ጻፊ» አልኳት ለወጣቷ። «በኤስና በቲ ሥር ያሉት የኬቲ ቃላት የመጀመሪያ ካርዶች ተጥለዋል። የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ምልክቱ ያለባቸው ሚስተር ኒል በኋላ ከትዝታ ያስጻፉኝ ናቸው፤ ስሕተት ሊኖርባቸው ይችላል።»

«ስም መጥቀስ የግድ አይደለም» አለችኝ።

«ጥቀሺው። ጥያቄ ያለው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ።»

ሙሉ ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳት። ሚስ ፍሎራ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ያን ጽሑፍ ሰው ያነበዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ልጄ እንኳ ስታነበው «ኦ፣ ማም» ብቻ አለችኝ። ጊዜው ሄደ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሚስ ጃኒስ ሄዳ ሌላ ኃላፊ መጣ፤ ሰው ከመጽሐፍ ይልቅ ለኮምፒውተር መምጣት ጀመረ፤ እኔም ፎርም ሲሞሉ እየረዳሁ ሁለተኛውን ጥያቄዬን መጠየቅ አልተውኩም።

ሥራ ላይ በነበርኩበት የመጨረሻ ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያቺ የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ስልኬን ለአንዲት ሴት እንድትሰጥ ፈቃድ ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። በማግሥቱ እረፍት ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የካናዳ ቁጥር ነው።

«ሞራግ እባላለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የጎልማሳ ሴት ነው። «ኬቲ አያቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ነች።»

መቀመጫ ፈለግሁ።

«ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ አየሁት» አለች። «አጎቴ ቋንቋውን አያውቅም፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ያኔ ሩቅ ነበርኩ። የኤስና የቲ ካርዶች ጠፍተዋል የሚለውን ሳነብ የቀሩትን ኮፒ አስልኬ አየኋቸው። ብዙው ልክ ነው። ኒል የሚገርም ጭንቅላት ነበራቸው። አንዱ ግን አይደለም።»

«የትኛው?»

ቃሉን አለችው። ከሚስተር ኒል አፍ በቀር ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አንዲት በሕይወት ያለች ሴት በስልክ ስትለው ሰማሁ።

«ካርዱ ላይ ኩሬ ላይ የሚያርፍ ስስ በረዶ ይላል» አለች።

«አዎ፣ እንዲያ ነው ያስጻፉኝ።»

«አያቴ ለበረዶ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። ወተት ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚይዘው አለ አይደል? እሱን ነው። በማንኪያ አንስታ ለእኔ ነበር የምትሰጠኝ።»

«ስልባቦት!» አልኩ ሳላስበው፣ በአማርኛ።

«ምን አሉኝ?»

«እኛም ለሱ ቃል አለን ማለቴ ነው» አልኳትና ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ሚስተር ኒል ስሕተታቸው ሲታረም እንዴት ደስ ይላቸው እንደነበር ነገርኳት።

«ካርዶቹ ውስጥ የሌሉ ሌሎችም አሉ» አለች። «የኤስ ቃላት። የባሕር ዳርቻውም፣ የሱፍ መፍተሉም። ስንቱን እንደማውቅ እኔም አላውቅም፤ አንዱን ሳስብ አንዱ ይመጣል። ይጠቅማል?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ እኔ ሳብኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ስሟን ጻፍኩ።

«በይ» አልኳት፣ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ በይልኝ።»